የታፔላ ጽሕፈት ሙያ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈበት ታሪክ

በደቡብ ኢጣሊያ የምትገኘው የፖምፔይ ከተማ በ79 በቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ አመድ ስትዋጥ፣ በየግድግዳዋ በብሩሽ የተጻፉት ማስታወቂያዎችም አብረው ተቀበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ1748 ጀምሮ ቁፋሮው ከተማዋን ቀስ በቀስ ሲገልጣት፣ የምርጫ ቅስቀሳዎቹ ብቻ ከሁለት ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ። ጽሑፎቹ እገሌን ለሹመት ምረጡ የሚሉ ናቸው፤ ከእነሱ ጎን ደግሞ የግላዲያተር ትግል የሚታይበትን ቀን የሚያሳውቁ አሉ። የተጻፉት በኖራ በነጣ ግድግዳ ላይ በቀይ ወይም በጥቁር ቀለም ነው። ቁመታቸው የረዘመ፣ ወገባቸው የጠበበ፣ አንዱ ጭረት ወፍሮ ሌላው የቀጠነ ፊደላት ናቸው። እንዲህ ያለውን ፊደል በዘፈቀደ እጅ የሚጥለው ሰው የለም፤ የለመደ ባለሙያ ሥራ ነው።

ባለሙያዎቹ የሚወጡት በአብዛኛው ማታ፣ መንገዱ ሰው ሲቀንስ ነበር። አንዱ የድሮውን ጽሑፍ በኖራ ይሸፍናል፣ አንዱ መሰላል ይደግፋል፣ አንዱ ፋኖስ ይይዛል፣ ጸሐፊው ይጽፋል። በአንድ ግድግዳ ላይ ጸሐፊው ፋኖስ ያዡን መሰላሉን አጥብቆ እንዲይዝ ሲያዘው ይነበባል። ኤሚሊየስ ኬለር የተባለው ሌላ ጸሐፊ ደግሞ በአንድ የግላዲያተር ማስታወቂያ ጎን ስሙን አስፍሮ፣ ያን ሌሊት ረዳት ሳይኖረው በጨረቃ ብርሃን ብቻውን እንደጻፈው ገልጿል። እነዚህ ሰዎች ሙያውን እንዴት እንደተማሩ የሚናገር ሰነድ አልቀረም። ሆኖም ሌሊቱን ሙሉ ከጸሐፊው እጅ ሥር ፋኖስ ይዞ የሚቆም ልጅ እያንዳንዱን ጭረት አይቶ አለመማሩ የማይመስል ነገር ነው።

ከፖምፔይ ጥፋት ሠላሳ አራት ዓመት በኋላ፣ በ113፣ ሮም ላይ የንጉሠ ነገሥት ትራያን ሐውልት ቆመ። በሐውልቱ እግር በእብነ በረድ የተቀረጸው ጽሑፍ እስከ ዛሬ የላቲን ትልልቅ ፊደላት መለኪያ ሆኖ ይጠቀሳል። ለብዙ ዘመን ሊቃውንት ይህን ውበት የድንጋይ ጠራቢ መሮ የፈጠረው ነው ሲሉ ኖረዋል። አባባሉን የሚያፈርሰው ሰው ግን ብቅ የሚለው ከአሥራ ስምንት መቶ ዓመታት በኋላ ነው፤ የሚመጣውም ከቤተ መጻሕፍት ሳይሆን ከታፔላ ቤት ነው።

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የሱቅ ምልክት በአመዛኙ ሥዕል ነበር። ገበያተኛው ማንበብ ስለማይችል መጠጥ ቤቱ አንበሳ፣ ወርቅ ሠሪው ዘውድ፣ ጫማ ሰፊው ጫማ ይሰቅላል። የለንደን ቀቢዎች የራሳቸው ማኅበር ነበራቸው፤ ይህ የቀቢዎች ማኅበር በ1581 የንግሥና ቻርተር አገኘ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1563 የወጣ ሕግ ማንኛውንም የእጅ ሙያ የሚማር ሰው ቢያንስ ሰባት ዓመት በተለማማጅነት እንዲቆይ ይደነግግ ነበር። ልጁ በውል ለባለሙያው ይሰጣል፤ ምግቡና መኝታው በባለሙያው ቤት ይሆናል፤ ጉልበቱም የባለሙያው ነው። በለንደን ሃርፕ አሊ በተባለው ጠባብ መንገድ ተሠርተው ያለቁ የሱቅ ምልክቶች እንደ ሸቀጥ ተደርድረው ይሸጡ ነበር፤ ነጋዴው አንበሳውን ወይም ዘውዱን መርጦ ይገዛል።

ምልክቶቹ እየገዘፉ ሄዱ። ነጋዴ ከነጋዴ ሲፎካከር ሰሌዳው ይተልቃል፣ የተሰቀለበት ብረት ይረዝማል፣ መንገዱ ይጨልማል፣ ንፋስ ሲነፍስም ሁሉም ይንቋቋል። በ1718 ብራይድ ሌን በተባለው መንገድ አንድ ከባድ ምልክት የተሰቀለበትን ግድግዳ ይዞ ወድቆ አራት ሰዎች ገደለ። በመጨረሻ ፓሪስ በ1761፣ የለንደኑ ዌስትሚኒስተር በ1762 የተንጠለጠሉት ምልክቶች እንዲወርዱ ወይም ከግድግዳ ጋር ተጣብቀው እንዲለጠፉ አዘዙ። በዚያው በ1762 ቦኔል ቶርንተን የተባለ ቀልደኛ ጸሐፊ ታዋቂውን ሠዓሊ ዊልያም ሆጋርትን አጋዥ አድርጎ የታፔላ ሠዓሊዎች ዐውደ ርእይ ለንደን ውስጥ ከፈተ። የተሰቀለው ከየሱቁ የወረደ አሮጌ ምልክት ነበር። ነገሩ በከበርቴዎቹ የሥዕል ዐውደ ርእዮች ላይ መሳለቂያ ሆኖ የታሰበ ቢሆንም፣ የታፔላ ሠዓሊ ሥራ በዐውደ ርእይ አዳራሽ ሲታይ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

የ1762ቱ ትእዛዝ ሙያውን ከሥሩ ለወጠው። ከግድግዳ ጋር የተጣበቀ ሰሌዳ ከጎን ለሚመጣ መንገደኛ ሥዕሉ አይታይም፤ ቦታውም ከቁመቱ ይልቅ ወርዱ የሚበዛ ረጅም ጠርብ ነው። ለእንዲህ ያለ ቦታ የሚመቸው ጽሑፍ ነው። ማንበብ የሚችለው ሰው ቁጥርም እየጨመረ ነበርና ሥዕል ሠሪው ቀስ በቀስ ፊደል ጣይ ሆነ። አዳዲስ የፊደል ዓይነቶችም ከማተሚያ ቤት ቀድመው መንገድ ላይ ታዩ። ጫፉ ላይ ጭረት የሌለው፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው ፊደል በማተሚያ የፊደል ናሙና መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ1816 ነው፤ በለንደን ሱቆች ላይ ግን ከዚያ በፊት ተጽፎ ይታይ ነበር።

ትምህርቱ ግን ገና ከአፍና ከእጅ አልወጣም። ባለሙያዎቹ የቀለም አቀማመማቸውንና የወርቅ አጣበቃቸውን ከተለማማጃቸው በቀር ለማንም አይገልጹም ነበር። በ1871 ጄምስ ካሊንግሃም ስለ ታፔላ ጽሕፈትና ስለ መስተዋት ላይ ሥራ ያሳተመው መጽሐፍ ይህን ዝምታ ከሰበሩት ቀደምት መጻሕፍት አንዱ ነው። የመስተዋቱ ሥራ ከሁሉ ረቂቅ ነበር። ጸሐፊው ከመስተዋቱ በስተጀርባ ሆኖ ፊደሉን እየገለበጠ ይጽፋል፤ ወርቁን የሚያጣብቀው በውኃ በሟሟ ጥቂት ጄላቲን ነው። ወርቁ ከትንፋሽ የሚሸሽ ስስ ቅጠል ስለሆነ በጣት አይነካም፤ ሰፊና ስስ የጠጉር ብሩሽ ጉንጭ ላይ ታሽቶ ያነሳትን ቅባት ይዞ ቅጠሉን ያነሳዋል። ሲደርቅ ፊደሉ በቀለም ከኋላ ይደገፋል፤ ከዚያ ተርፎ የወጣው ወርቅ በእርጥብ ጥጥ ይጠረጋል። በውጭ የቆመው መንገደኛ የሚያየው እንደ መስተዋት የሚያንጸባርቅ ወርቅ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የሙያው ትልቁ ሜዳ አሜሪካ ሆነች። የባቡር መንገድ፣ የፋብሪካ ሸቀጥና አዲስ የሚቆረቆሩ ከተሞች ታፔላ በገፍ ፈለጉ። ባዶ ጡብ ግድግዳ ሁሉ የሳሙና፣ የዱቄት፣ የትምባሆና የመድኃኒት ማስታወቂያ ሆነ። ቀለሙ ነጭ የእርሳስ ዱቄት ከተልባ ዘይት ጋር ተፈጭቶ የሚሠራ ነበር። መርዝ ነው፤ ዕድሜው ግን ረጅም ነው። በአሜሪካና በእንግሊዝ ከተሞች ከመቶ ዓመት በኋላም ደብዝዘው የሚነበቡት ጽሑፎች የጸኑት በዚህ የእርሳስ ቀለም ነው።

በዚያ ዘመን በታፔላ ቤት የተቀጠረ ልጅ ወራት ሙሉ ፊደል አይጽፍም። ወለል ይጠርጋል፣ ሰሌዳ በአሸዋ ወረቀት ያለሰልሳል፣ መነሻ ቀለም ይቀባል፣ ብሩሽ ያጥባል። የብሩሽ አጠባው ራሱ የመጀመሪያው ትምህርት ነው። የፊደል ብሩሽ ከሽኮኮ ጅራት የሚሠራ ረጅምና ለስላሳ ጠጉር ያለው ነው። ቀለም ሥሩ ላይ ከደረቀበት ሁለተኛ አይመለስም፤ ስለዚህ በአኳራጅ ወይም በላምባ ታጥቦ፣ ዘይት ተነክሮ፣ ጫፉ በጣት ተስተካክሎ ተጋድሞ ያድራል። ቆሞ ያደረ ብሩሽ ጠጉሩ ይጣመማል። ልጁ ይህን ካወቀ በኋላ ባለሙያው ጠርዙን ብቻ ጽፎ የተወለትን ትልቅ ፊደል ውስጡን ይሞላል። ከዚያም ንድፍ የተሣለበትን ወረቀት በጥርሳም መዘውር እየበሳሳ፣ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ በከሰል ዱቄት የተሞላ የጨርቅ ቋጠሮ ይመታበታል። ወረቀቱ ሲነሳ ንድፉ በነጠብጣብ ግድግዳው ላይ ይቀራል። ቀጥ ያለው መስመር ደግሞ በጠመኔ የተለወሰ ክር በሁለት ሰው ተወጥሮ ጧ ሲደረግ ይሠመራል።

የብሩሽ አያያዙ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ብሩሹ ቀለም ከጠገበ በኋላ በካርቶን ላይ ከሁለቱም ጎን ወዲያና ወዲህ ይሳባል፤ ጠጉሩ ተሰብስቦ ጫፉ እንደ መሮ ስለታም ይሆናል። ግራ እጅ ጫፉ በጨርቅ የተጠቀለለ ዘንግ ይይዛል፤ ዘንጉ ሰሌዳው ላይ ይደገፋል፤ ቀኝ እጅ በዘንጉ ላይ ያርፋል። የቆመው ጭረት ከላይ ወደ ታች በአንድ ትንፋሽ ይወርዳል። ክቡ ጭረት ሲመጣ የሚዞረው ክንድ አይደለም፤ ብሩሹ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይሽከረከራል። ክቡ ፊደል ኦ በሁለት ግማሾች ይሠራል፤ ከላይኛውና ከታችኛው መስመር ትንሽ አልፎ ካልወጣ ከጎረቤቶቹ ያነሰ ይመስላል። የፊደላት ርቀትም በማስመሪያ አይለካም። ሁለት ቋሚ ጭረቶች ጎን ለጎን ሲመጡ ይራራቃሉ፤ ዘመም ያሉት ሲገናኙ ይቀራረባሉ፤ እኩል መሆን ያለበት በመካከላቸው የሚቀረው ባዶ ስፋት ነው። ደካማ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በፊደሉ ቅርጽ ሳይሆን በዚህ ባዶ ቦታ ነው።

የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሙያውን ለማያውቀው ሰው ሁሉ የከፈተ ዘመን ነው። በ1906 ሲንሲናቲ ውስጥ «ሳይንስ ኦቭ ዘ ታይምስ» የተባለው የታፔላ ሠሪዎች መጽሔት መታተም ጀመረ። በ1909 ፍራንክ አትኪንሰን በቺካጎ «ሳይን ፔይንቲንግ አፕ ቱ ናው» የተባለውን መጽሐፉን አወጣ፤ የፊደል ዓይነቶችን፣ የገጽ አደራደርንና የቀለም ምክርን በአንድ ጥራዝ የያዘ ነው፤ እስካሁን እየታተመ ይሸጣል። ቻርልስ ስትሮንግ ያቋቋመው የዲትሮይት የፊደል ጽሕፈት ትምህርት ቤት ደግሞ በፖስታ ያስተምር ነበር። የገጠር ልጅ ክፍያውን ይልካል፤ ትምህርቱ በፖስታ ይመጣለታል፤ ልምምዱን ሠርቶ ይልካል፤ ታርሞ ይመለስለታል። የሱቅ መስኮት የዋጋ ካርቶን የሚጽፉትም የራሳቸው መሣሪያ አገኙ። ዊልያም ሂዩ ጎርደንና የሲያትሉ ሮስ ጆርጅ ጫፉ ቀለም አጠራቅሞ የሚይዝ ብዕር ሠርተው ስፒድቦል አሉት፤ የማስተማሪያ መጽሐፋቸው ከ1915 ጀምሮ እየተሻሻለ ታትሟል።

መጽሐፍ ብዙ ሰጠ፤ የፊደሉን ቅርጽ፣ የጭረቱን ቅደም ተከተል፣ የቀለሙን ምጥን። መስጠት ያልቻለው ፍጥነትንና የእጅን ግፊት ነው። በኅትመት ላይ ያለ ጭረት ብሩሹ የት ላይ እንደተጫነ፣ የት ላይ እንደላላ አያሳይም። ስለዚህ በፖስታ የተማረውም ቢሆን ከባለሙያ ጎን ሳይቆም ደህና ደሞዝ ማግኘት ያስቸግረው ነበር፤ ብዙዎች ከከተማ ከተማ እየዞሩ ከየታፔላ ቤቱ ጥቂት ጥቂት ቃርመው ነው የበቁት። በ1920ዎቹ ሎስ አንጀለስ ላይ በተከፈተው የሙያ ትምህርት ቤት፣ በኋላ ሎስ አንጀለስ ትሬድ ቴክኒካል ኮሌጅ በተባለው፣ ታፔላ ጽሕፈት ራሱን የቻለ ትምህርት ሆነ። ቦስተን ውስጥ ቡቴራ የተባለው ትምህርት ቤት በ1932 ተከተለ። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ያደረጉት የታፔላ ቤቱን ወደ ክፍል ማምጣት ነው፤ ተማሪው ቀኑን ሙሉ ቆሞ አንድ ፊደል ይደጋግማል፣ መምህሩ ከኋላው እያለፈ ብሩሹን ከእጁ ወስዶ ያሳየዋል።

የሮማው ጥያቄ መልስ ያገኘው ከዚሁ ትውልድ ነው። ኤድዋርድ ካቲች በ1906 ሞንታና ውስጥ ተወልዶ፣ ወላጆቹን በልጅነቱ አጥቶ በኢሊኖይ የሕፃናት ማሳደጊያ ያደገ ነው። ታፔላ ጽሕፈት የተማረው እዚያው ነበር፤ ቺካጎ ውስጥም በዚሁ ሙያና በሙዚቃ ሠርቷል። በኋላ ለካቶሊክ ክህነት ተጠርቶ በ1930ዎቹ አጋማሽ ሮም ለትምህርት ሲሄድ የትራያንን ጽሑፍ በቅርብ አየው። ወረቀት ለጥፎ እያሸ ገለበጠው፤ ለካው፤ ደጋግሞ በብሩሽ ጻፈው። ሊቃውንቱ የመሮ ሥራ ያሉት የጭረቱ መወፈርና መቅጠን፣ በተለይም በጫፉ ያለችው ሰሪፍ የምትባል ትንሽ ጭረት፣ ለእሱ እንግዳ አልነበረችም፤ ጠፍጣፋ ብሩሽ ጭረቱን ሲጨርስ በጣት ሲዞር የሚተወው ምልክት ናት። መደምደሚያው፣ ፊደላቱ መጀመሪያ ድንጋዩ ላይ በብሩሽ ተጽፈው ጠራቢው የተከተለው ያንን ጽሑፍ ነው የሚል ሆነ። ሐሳቡን በስፋት ያቀረበበት የሰሪፍ አመጣጥ መጽሐፍ በ1968 ወጣ፤ ዛሬ በዘርፉ ሰፊ ተቀባይነት አለው። አባ ካቲች እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ፣ እስከ 1979፣ በአይዋ ግዛት ዳቬንፖርት በሚገኘው ሴንት አምብሮዝ ኮሌጅ ፊደል ሲያስተምሩ ኖረዋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሙያው ወርቃማ ዘመኑ ላይ ደረሰ። በ1944 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ሕግ ከጦር ሜዳ የተመለሱትን ወታደሮች የትምህርት ክፍያ መንግሥት እንዲሸፍን ስላደረገ የሙያ ትምህርት ቤቶች ሞሉ። በ1948 ኢንዲያና ውስጥ ዋን ሾት የተባለ የዘይት ቀለም ገበያ ላይ ዋለ፤ በአንድ ቅብ ስለሚሸፍን ጸሐፊው ሁለተኛ መሰላል አይወጣም። በዚህ ወቅት ከተነሡት መካከል ሃርሊ ዋሪክ ዝናው ሰፊ ነው። ከጦርነቱ ተመልሶ የሜይል ፓውች ትምባሆ ማስታወቂያ በገበሬዎች ጎተራ ላይ ሲጽፍ ኖረ፤ የጻፋቸው ወደ 20000 እንደሚደርሱ ይነገራል። ንድፍ አያወጣም፤ ግድግዳውን በዓይኑ ለክቶ ይጀምራል። «ቸው» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጀመሪያውን ፊደል ትቶ ከሁለተኛው ይነሣ ነበር፤ ምክንያቱም አስቸጋሪዎቹን ፊደላት አስቀድሞ መገላገል ስለሚፈልግ ነው። ጄምስ ሮዘንኲስት በበኩሉ በ1950ዎቹ መጨረሻ በኒውዮርክ ታይምስ አደባባይ ግዙፍ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሲቀባ ቆይቶ፣ ያንኑ ስፋትና ያንኑ ቀለም ይዞ ከፖፕ አርት መሪዎች አንዱ ሆነ።

ፕላስቲክ ሰሌዳና ከውስጥ የሚበራ ሳጥን ሲስፋፉ ሥራው መቀዝቀዝ ጀመረ። በ1975 በኮሎራዶዋ ዴንቨር ጥቂት ወጣት ተለማማጆች ማታ ማታ እየተገናኙ የድሮ ጥበቦችን መለዋወጥ ያዙ፦ የወርቅ ቅብ፣ የመስተዋት ሥራ፣ የጥላ አጣጣል። ራሳቸውን ሌተርሄድስ አሉ። ያለፉት ትውልዶች በምሥጢር የያዙትን እነሱ በግልጽ ያሳዩ ነበር፤ ሽማግሌ ባለሙያዎችም እየመጡ አስተማሩ፤ ስብሰባው ወደ ሌሎች ከተሞችና አገሮች ተዛመተ። ጊዜው የተመቸ ነበር ማለት ግን አይቻልም።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ የኮኔክቲከቱ ገርበር ኩባንያ ሳይንሜከር ሦስት የተባለ መሣሪያ አወጣ። የኩባንያው መሥራች ጆሴፍ ገርበር ከናዚዎች አምልጦ ከቪየና የመጣ መሐንዲስ ነው፤ ቀደም ሲል ለልብስ ፋብሪካ ጨርቅ የሚቆርጥ መሣሪያ ሠርቷል። አዲሱ መሣሪያ የተተየበለትን ቃል ከስስ ቪኒል ላይ በቢላ ቆርጦ ያወጣል፤ ከዚያ ስቲከር ሆኖ ይለጠፋል። የፊደል ጽሕፈት ሙያ የማያውቅ ሰው በአንድ ሳምንት ታፔላ ቤት መክፈት ቻለ። ውጤቱ ንጹሕ ነበር፤ አደራደሩ ግን ብዙ ጊዜ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም መሣሪያው ፊደል እንጂ ባዶ ቦታ አላወቀም። ደንበኛ ግን ዋጋና ፍጥነት ነው የሚያየው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ ጸሐፊዎች ወይ መሣሪያውን ገዙ ወይ ሙያውን ተዉ፤ ትምህርት ቤቶችም ኮርሱን እየዘጉ ሄዱ። በ1990ዎቹ ትልልቅ የዲጂታል ማተሚያዎች ሲመጡ የቀረው የግድግዳ ሥራም ወደ ባነር ዞረ።

ሙያውን ያተረፉት ከመሣሪያው ጋር ዋጋ ያልተወዳደሩት ናቸው። በሳን ፍራንሲስኮ ኒው ቦሂሚያ ሳይንስ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በእጅ ብቻ እየጻፈ ተለማማጆች አፈራ። በ2004 ብሩክሊን ውስጥ የተመሠረተው ኮሎሳል ሚዲያ ትልልቅ የሕንፃ ግድግዳዎችን በብሩሽ የሚቀባ ድርጅት ሆነ፤ አዲስ ገቢው እንደ ቀድሞው ቀለም በመበጥበጥና ርብራብ በመግፋት ይጀምራል። ፌይት ሌቪንና ሳም ማከን «ሳይን ፔይንተርስ» የተባለውን መጽሐፍ በ2012፣ ተመሳሳይ ስም ያለውን ፊልም በ2013 ካወጡ በኋላ የአጭር ጊዜ ሥልጠና የሚፈልገው ወጣት በዛ። ሁለት ቀን የሚፈጀው ሥልጠና አያያዝ ያስጀምራል እንጂ ሙያ አያስጨብጥም። ለመማር የሚፈልግ ሰው አንድ ጥሩ የሽኮኮ ጠጉር ብሩሽ፣ ጥቂት የዘይት ቀለምና ያረጁ ጋዜጦች ይግዛ፤ ከቆመው ጭረት ይጀምር፤ ቀጥ ብሎ እስኪወርድለት ድረስም ወደ ክቡ አይለፍ።